ዓሣን መልቀቅም በብልኀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ዓሣ ሀብት አጠባበቅ አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከሐይቆቻችን ስለ አንዱ እንደምናገር ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ወደ ጨው ውኃ፣ ይኸውም ወደ ሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ነው። የባሕር በር የሌለው አገር ባለሙያዎች ስለ ውቅያኖስ ዓሣ ምን አስጨነቃቸው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ውኃው የሌላ ይሁን እንጂ ጥያቄው የእኛም ነው። የጋራ የሆነ ሀብት ሲመነምን ጥፋቱ የማን ነው? እጁን አስቀድሞ መሰብሰብ የሚገባውስ ማን ነው? በዚያ ጠረፍ ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፤ መልሱም በከፊል ተገኝቶ፣ በከፊል ደግሞ እንደገና ጠፍቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የነገሩ ባለቤት ባለመስመር ባስ የሚባለው ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሞሮኔ ሳክሳቲሊስ ሲሆን፣ ይህን ተራ ስሙን ያገኘው ብር በመሰለው ጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት በተዘረጉት ሰባት ወይም ስምንት ጥቁር መስመሮች ምክንያት ነው። ዕድሜው እስከ 30 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አብዛኛውን ዘመኑን በባሕር ያሳልፍና፣ በጸደይ ወራት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣል። ከሁሉም የሚበልጠው የመራቢያ ስፍራው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና ወደዚያ የሚፈሱት ወንዞች ናቸው፤ የሃድሰንና የዴላዌር ወንዞችም ተከታዮቹ ናቸው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በየዕለቱ በድልድይ የሚሻገሩት የፖቶማክ ወንዝም ከዋነኞቹ መራቢያዎች አንዱ ነው። ሴቲቱ ለመራባት የምትደርሰው ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜዋ ሲሆን፣ ትልቅ የሆነች እንደ ሆነ በአንድ ወቅት ከሚሊዮን በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ዕንቁላል ለጫጩትነት የሚበቃው እንደ ዓመቱ ሁኔታ ይለያያል። ክረምቱ ቀዝቃዛ፣ የጸደዩ ወንዝም ሙሉ የሆነ እንደ ሆነ ጫጩቱ ይበዛል፤ ክረምቱ ሞቅ ብሎ ወንዙ የቀነሰ እንደ ሆነ ግን ጥቂቱ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ የዚህ ዓሣ ሕይወት በጥቂት መልካም ዓመቶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመልካሙን ዓመት ትውልድ ሳይወልድ የፈጀ ሕዝብ የሚቀጥለውን መልካም ዓመት መጠበቅ ግዴታው ይሆናል።

በአሜሪካ ይህ ዓሣ ከታሪኩ ጋር የተሳሰረ ነው። የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ባለመስመሩን ባስና ኮድ የሚባለውን ዓሣ ለእርሻ ማዳበሪያነት ማዋልን በ1639 ዓ.ም. ከለከለ፤ ለሰው ምግብነት የሚሆነው ሀብት ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል ማለት ነው። በ1670 ዓ.ም. ደግሞ የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ከኬፕ ኮድ የባስና የሌሎች ዓሦች ማስገር የሚገኘው ገቢ ለነፃ ትምህርት ቤት እንዲውል ወሰነ። ከዚህ በኋላ በ1864 ዓ.ም. የኒውዮርክ ባለጸጎች በከቲሃንክ ደሴት ላይ የባስ አጥማጆች ክበብ አቋቋሙ። እዚያም ከዓለት ወደ ባሕር በተዘረጋ የእንጨት መቆሚያ ላይ ሆነው፣ የተቀጠረላቸው ሰው ማባበያ እየበተነላቸው ያጠምዱ ነበር። ዓሣው በራቀ ጊዜ ግን ክበቡም ፈረሰ።

ዛሬ በዚያ ጠረፍ ዘንግ ይዞ የሚቆመው ሰው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። መምህሩ፣ አናጢው፣ ፖሊሱ፣ ጡረታ የወጣው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ አለበት። ባለመስመሩ ባስ ወደ ዳር የሚቀርበው በአብዛኛው በሌሊትና በንጋት ስለሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ሌላው በተኛበት ሰዓት ውኃ የማያስገባ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የባሕሩን መሙላትና መጉደል ቈጥረው ከዓለቱ ላይ ይቆማሉ። ጀማሪው ማዕበሉ መቼ እንደሚያዳልጥ የሚማረው ከአዛውንቱ ነው። አንዱ ወድቆ እንደ ሆነ የሚያወጣው ጎረቤቱ ነው። በዚህ ምክንያት ዓሣ ማጥመድ በዚያ አገር ከመዝናኛነት አልፎ የአንድ ሰፈር መተዋወቂያ ሆኗል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በየበልጉ መጨረሻ ሳይሆን በየመከሩ ወራት የሚደረገው የባስና የብሉፊሽ ውድድር ነው። ከውድድሩ የሚገኘው ዓሣ ለደሴቲቱ አረጋውያን ይታደላል፤ ከገቢውም ለወጣቶች የትምህርት ድጎማ ይሰጣል።

እንዲህ ያለ ማኅበራዊ ኑሮ ዓሣውን ለመጠበቅ ምን ጠቀመ? ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሃድሰን ወንዝ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ስቶርም ኪንግ በሚባለው ተራራ ላይ ውኃ ከወንዙ እየሳበ ወደ ላይ የሚገፋና መልሶ በማውረድ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ለመሥራት አቀደ። ይህም ስፍራ ባለመስመሩ ባስ ከሚራባባቸው የወንዙ ክፍሎች አንዱ ስለሆነ፣ ዕንቁላሉና ጫጩቱ ከውኃው ጋር ተስቦ እንዲያልቅ የሚያደርግ ነበር። ሮበርት ቦይል የተባለ፣ በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ የሚጽፍና ራሱም ዓሣ የሚያጠምድ ጋዜጠኛ ነገሩን ለሕዝብ ገለጸ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ለመዝናኛ የሚያጠምዱትም፣ መረብ ጥለው የሚተዳደሩትም በአንድነት የሃድሰን ወንዝ ዓሣ አጥማጆች ማኅበርን መሠረቱ። የተፈጥሮን ውበት ለመጠበቅ ከተነሡ ሌሎች ሰዎች ጋር በመሆን ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ፤ በመጨረሻም በ1980 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኩባንያው ዕቅዱን ተወው። ይህ ክርክር የአሜሪካን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ካጸኑት ታላላቅ ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚያ ወንዝ ዳር ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ቈጠራ ነው። ከ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ማኅበር አባሎች በያዙት ዓሣ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ምልክት እያሰሩ ይለቁ ጀመር። ዓሣውን በሌላ ስፍራ የያዘ ሰው ቁጥሩን፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ይልካል። በዚህ ዓይነት አንድ ተራ ሰው በእሑድ ዕረፍቱ ያደረገው ሥራ፣ ዓሣው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚጓዝ ለሚመረምሩ ሰዎች ማስረጃ ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን የሜሪላንድ ግዛት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ ወራት በተወሰኑ የባሕረ ሰላጤው ዳርቻዎች መረብ እየጎተተ በዚያው ዓመት የተወለዱትን ጫጩቶች ይቈጥራል። በአንድ ጉተታ በአማካይ የሚገኘው የጫጩት ቁጥር የዓመቱ መለኪያ ይሆናል። የረጅም ዘመኑ አማካይ 11 ያህል ነው።

ይህ ቈጠራ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት አልዘገየም፤ የዘገየው የሰው ልብ ነው። በ1973 ዓ.ም. ለገበያ የተያዘው ባለመስመር ባስ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ማለትም ወደ 6,700 ቶን ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው አጥማጅ በባሕሩ ብዛት ይመካ እንጂ፣ ከ1970 ዓ.ም. መልካም ትውልድ በኋላ በቼሳፒክ የጫጩቱ ቁጥር እየወረደ ሄዶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ለገበያ የተያዘው ወደ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ አሽቈለቈለ። ለመዝናኛ የሚያጠምዱትም ከ1979 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ከሚያገኙት 85 በመቶ ያህሉን አጡ።

ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ቀሰረ። ዘንግ ያዡ መረብ ጣዩን ወነጀለ፤ መረብ ጣዩ ዘንግ ያዡን። ሁለቱም ደግሞ ፋብሪካውንና የአሲድ ዝናብን ወነጀሉ። በውኃው መበከል ላይ የቀረበው ክስ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በሃድሰን ወንዝ ውስጥ በተገኘው መርዛማ ኬሚካል ምክንያት በዚያ ወንዝ ባለመስመሩን ባስ አስግሮ መሸጥ በ1976 ዓ.ም. ተከልክሎ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1979 ዓ.ም. ባዘዘው ጥናት የተሰማሩት ሊቃውንት ግን፣ የውኃው ጉዳት እንዳለ ሆኖ፣ የሰው እጅ ከዓሣው የመተካት አቅም በላይ መውሰዱን አሳዩ። ውኃውን ማጽዳት የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ እጅን መሰብሰብ ግን ነገ ጧት ሊጀመር ይችላል።

በ1984 ዓ.ም. የአትላንቲክ ባለመስመር ባስ ጥበቃ ሕግ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ሀብት ኮሚሽን፣ በ1942 ዓ.ም. የተቋቋመ ቢሆንም፣ ከመምከር በቀር የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። አዲሱ ሕግ ግን የጋራውን ዕቅድ በማይፈጽም ግዛት ውስጥ ይህ ዓሣ ጨርሶ እንዳይያዝ ማዕከላዊው መንግሥት እንዲዘጋ ፈቀደለት። ኮሚሽኑም በ1982 ዓ.ም. የተወለደውን ትውልድ መርጦ፣ ከሴቶቹ 95 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ እስኪወልዱ ድረስ እንዲጠበቅ ወሰነ። ሜሪላንድ ከጥር 1985 ዓ.ም. ጀምሮ ማጥመዱን በሙሉ ዘጋች፤ ዴላዌር ተከተለች፤ ቨርጂኒያም በ1989 ዓ.ም. ዘጋች። የማርታስ ቪንያርድ ውድድር አዘጋጆችም በ1985 ዓ.ም. ባለመስመሩን ባስ ከሽልማት ዝርዝር አወጡት። ውድድሩን ያስጀመረውን ዓሣ ከውድድሩ ማውጣት ለእነርሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። በዚያ እገዳ ሁሉም እኩል አልተጎዳም። ዘንግ ያዡ ያጣው የሌሊት ደስታውን ነው። በቼሳፒክ ዳር ከአባቱ በወረሰው ጀልባ የሚተዳደረው ሰው ግን ያጣው የልጆቹን እንጀራ ነው። የዓሣ ጥበቃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የመጀመሪያውን ሰው መሥዋዕትነት ነው። ለዓሣው መመለስ የከበደውን ዋጋ የከፈለው ሁለተኛው እንደ ሆነ መዘንጋት ግን ከፍትሕ ውጪ ነው።

ዋጋው ግን ፍሬ አስገኘ። በ1989 ዓ.ም. የሜሪላንድ ጫጩት ቈጠራ ከፍ በማለቱ በሚቀጥለው ዓመት በጥብቅ ልክ ማጥመድ ተፈቀደ፤ በ1995 ዓ.ም. ዓሣው ሙሉ በሙሉ ማገገሙ ታወጀ። በ1996 ዓ.ም. የጫጩቱ መለኪያ 59 ደረሰ፤ ቈጠራው ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ አልታየም። በባሕር ዓሣ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድል ብዙ ጊዜ የሚነገር አይደለም።

ንግግሬ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ላሳስባችሁ የምፈልገው ዋናው ቁም ነገር ከድሉ በኋላ የመጣው ነው።

ከእገዳው ዘመን የወጣው አጥማጅ አንድ መልካም ልማድ ይዞ ወጣ፤ የያዘውን ዓሣ መልቀቅን። በክበቦቹ ውስጥ የሚለቅ ሰው ተከበረ፤ ይዞ የሚሄድ ታማ። ልማዱም እጅግ ስለተስፋፋ ዛሬ ከሚያዘው ባለመስመር ባስ ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ወደ ውኃ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የተለቀቀ ሁሉ አይድንም። መንጠቆውን እስከ ጨጓራው የዋጠ፣ በረጅም ትግል የደከመ፣ በሞቀ ውኃ ተይዞ ለፎቶግራፍ በአየር ላይ የቆየ ዓሣ ጅራቱን መትቶ ከዓይን ቢሰወርም ከጥቂት ሰዓት ወይም ቀን በኋላ ሊሞት ይችላል። በማሳቹሴትስ የተደረገ ጥናት ከተለቀቁት 100 ዓሦች 9 ያህሉ እንደሚሞቱ ስላሳየ፣ ሊቃውንቱ ሒሳባቸውን የሚሠሩት በዚህ መጠን ነው።

ዘጠኝ ከመቶ ትንሽ ይመስላል። በ2017 ዓ.ም. ግን የመዝናኛ አጥማጆች 38 ሚሊዮን ያህል ባለመስመር ባስ ይዘው ለቀዋል፤ በዚህ ስሌት የሞተው 3.4 ሚሊዮን ነው። በዚያው ዓመት በሰው እጅ ምክንያት ከጠፋው ዓሣ ሁሉ 48 በመቶው ተለቆ የሞተው ሲሆን፣ የመዝናኛ አጥማጆች ለምግብ የወሰዱት 42 በመቶ ነበር። ለገበያ የተያዘው 8 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ በጎ ሥራ ተብሎ የተያዘው ልማድ ከሁሉም የሚበልጠውን ሞት አስከትሏል። ሒሳቡን በአንድ ሰው ላይ ብናየው ነገሩ የበለጠ ይገለጻል። አንድ ዓሣ ይዞ ለቤተሰቡ እራት የሚሄድ ሰው አንድ ዓሣ ገደለ። በአንድ ሌሊት 30 ይዞ 30ውንም የለቀቀ ሰው ግን ወደ ሦስት የሚጠጉ ገድሎ፣ ምንም እንዳልነካ በንጹሕ ኅሊና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን የምለው መልቀቅን ለማጥላላት አይደለም። ሁሉም የያዘውን ቢወስድ ኖሮ ዓሣው ገና ዱሮ ባለቀ ነበር። የምለው ዓሣን መብላት በብልኀት እንደሚባል ሁሉ፣ ዓሣን መልቀቅም በብልኀት ነው ለማለት ነው። ብልኀቱም የታወቀ ነው። ማባበያ ለሚጠቀም ሰው ከዓሣው ጨጓራ ይልቅ በከንፈሩ ጥግ የሚይዘው ክብ መንጠቆ ይሻላል፤ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮም በጠረፉ ግዛቶች ግዴታ ሆኗል። ትግሉን ለማሳጠር ጠንካራ ክር መጠቀም፣ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀል፣ ውኃው ሲሞቅ ማጥመዱን መተው ሁሉ ይረዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አጥማጁ፣ ዓሣው ገና እየያዘለት ሳለ፣ ይበቃኛል ብሎ ዘንጉን ማጠፍ ሲችል ነው። ይህን የሚያዝ ሕግ የለም፤ ሊያስተምረው የሚችለው የአጥማጆች ማኅበር ብቻ ነው።

በ2019 ዓ.ም. የቀረበው ግምገማ ዓሣው እንደገና ከልክ በላይ መጠመዱንና የወላጆቹ ብዛት ከሚፈለገው ወለል በታች መውረዱን አስታወቀ፤ እስከ 2029 ዓ.ም. ድረስም እንዲያገግም ዕቅድ ወጣ። በ2020 ዓ.ም. በባሕሩ ጠረፍ ለመውሰድ የሚፈቀደው ዓሣ ከ28 ኢንች ያላነሰ፣ 35 ኢንች ያልደረሰ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የ2015 ዓ.ም. ትውልድ እንዳይፈጅ ሲባል ላይኛው ወሰን ወደ 31 ኢንች ማለትም 79 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በሌላ በኩል የቼሳፒክ ጫጩት ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ከአማካዩ እጅግ ያነሰ ሆኗል፤ በ2023 ዓ.ም. መለኪያው 1.0 ብቻ ነበር። የክረምቱን መሞቅ አጥማጁ ሊያስቀረው አይችልም። የመልካም ዓመት ትውልዶች እየጠፉ በሄዱ ቁጥር ግን በእጁ የቀሩትን ወላጆች መጠበቅ የሚችለው እርሱ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ይህ ሁሉ እኛን በምን ይነካናል? በጣና ሐይቅ የባርበስ ወገን የሆኑ ዓሦቻችን በዝናቡ ወራት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች እንደሚወጡ ታውቃላችሁ። ከ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚደረገው ማስገር ሲስፋፋ፣ መረቡ የሚጣለው አንዱ ስፍራ ዓሦቹ ለመውጣት በሚሰበሰቡበት በወንዙ አፍ ላይ ነው። ባለመስመሩ ባስና የእኛ ዓሦች በዝምድና የተራራቁ ናቸው፤ ለመራባት አንድ ጠባብ በር ማለፍ ስላለባቸው ግን ድካማቸው አንድ ነው። በበሩ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ሊያጠፋቸውም ሊያድናቸውም ይችላል።

ስለዚህ ከአትላንቲክ ጠረፍ ሦስት ነገር ይዘን እንድንመለስ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ቈጠራው እንዳይቋረጥ። ሜሪላንድ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ መረቧን በየዓመቱ በዚያው ዳርቻ ባትጎትት ኖሮ ውድቀቱም ማገገሙም በወሬ ብቻ በቀረ ነበር። ሁለተኛ፣ አስጋሪው በጉባኤያችን ላይ ይቀመጥ። እርሱ በሌለበት የሚወሰን እገዳ በወረቀት ላይ የተጻፈ ምኞት ነው፤ የእገዳውን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም ማድረግም ግፍ ነው። ሦስተኛ፣ ሌላውን ከመቈጣጠራችን በፊት የራሳችንን እጅ እንቍጠር። መልካም ነው ብለን የያዝነው ሥራ፣ ለናሙና የምንይዘውም ዓሣ ቢሆን፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንወቅ።

በዚያ ጠረፍ ዛሬ ሌሊት ከዓለቱ ላይ የሚቆመው ሰው ከአያቱ የበለጠ ያውቃል፤ ከአያቱ ያነሰ ዓሣ ግን ያያል። ዕውቀቱ እጁን የሚገታ ከሆነ የልጅ ልጁ ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። የእኛም ሐይቆች ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም።